አርማታው ከመፍሰሱ በፊት

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ላም ማለቢያ ክፍል የሚጠይቁ ናቸው። እኔ 9 ዓመት በእጅና በባልዲ ማሽን አልቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማለቢያ ክፍል መትከልና የተበላሸውን መጠገን ነው። ብዙ ጊዜ የምጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አላቢው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ አርማታው ደርቋል፣ ባለቤቱ ተበድሯል፤ ላሞቹ ግን አንገባም ብለዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጸሐፊ አንድ አካፋ አፈር ሳያነሱ ስለጠየቁኝ በጣም ደስ ብሎኛል። እሳቸው ጋ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 42 ላሞች አሉኝ። አብዛኛውን ጊዜ 35ቱ ይታለባሉ። በሦስት የባልዲ ማሽን፣ ለሦስት ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል። ማታም እንደዚያው። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚታለቡትን 80 ለማድረስ አስቤያለሁ። አንዱ ሻጭ ሄሪንግቦን ይለኛል፣ ሌላው ፓራለል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚሽከረከረውን። የቱን ልምረጥ? ስንት ላም የሚያስገባስ ይሁን?
የ42 ላሞች ባለቤት

መልስ፦ ካታሎጎቹን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጓቸውና አንድ ወረቀት ያውጡ። መሃሉ ላይ መስመር ያስምሩ። በአንዱ ወገን «የሚቀየር»፣ በሌላው «የማይቀየር» ብለው ይጻፉ። ክላስተር (ጡቶቹ ላይ የሚገጠሙት አራት ኩባያዎች)፣ ፑልሴተር (የኩባያዎቹን ጎማ የሚያስጨምቀውና የሚያስለቅቀው)፣ ፓምፕ፣ የወተት መለኪያ፤ እነዚህ ነገ ተፈትተው በሌላ ሊተኩ ይችላሉ። የጉድጓዱ ርዝመት፣ የወለሉ ተዳፋት፣ የፍሳሹ መውረጃ፣ የመውጫው በር አቅጣጫ ግን አንዴ አርማታ ከፈሰሰባቸው አበቃ። ያየኋቸው ባለቤቶች አብዛኞቹ ከሻጭ ጋር የሚከራከሩት ስለ መጀመሪያው ዝርዝር ነው። በኋላ ሌት ተቀን የሚያቃጥላቸው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ አርማታውን ለ80 ላም ያፍስሱ፣ ማሽኑን ለ35 ላም ይግዙ።

አሁን ወደ ዓይነቱ እንምጣ። በሄሪንግቦን ላሞቹ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ሰያፍ ሆነው ይቆማሉ። አላቢው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ግቱን ከጎን በኩል ያየዋል። አራቱንም ጡቶች ያለ ችግር ይደርስባቸዋል። ይህን አሠራር በ1952 በኒውዚላንድ ዋይካቶ የሠሩት ሮን ሻርፕ ራሳቸው ገበሬ ነበሩ። ከወገብ መጉበጥ ያወጣን ሐሳብ ስለሆነ በልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

በፓራለል ደግሞ ላሞቹ ለጉድጓዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ክላስተሩ የሚገባው በኋላ እግሮቻቸው መካከል ነው። ቦታ በመቆጠብ ፓራለልን የሚያህል የለም። ለአንድ ላም ከ70 እስከ 75 ሳንቲሜትር የጉድጓድ ርዝመት ይበቃዋል። ሄሪንግቦን እንደ ላሞቹ ትልቀት ከ90 ሳንቲሜትር እስከ 1.15 ሜትር ይፈልጋል። ግን በኋላ እግር መካከል ሲሠሩ የፊት ጡቶች በደንብ አይታዩም። ቁስል ወይም እብጠት ቢኖር ያልፍዎታል። ፓራለል ዋጋውን የሚመልሰው ረድፉ ረጅም ሲሆንና ላሞቹ ሁሉ በአንዴ ወደ ፊት የሚወጡበት መዝጊያ ሲኖረው ነው። ለስድስት ላም ረድፍ ያ ሁሉ ብረት አያስፈልግም።

የሚሽከረከረው አዲስ ነገር አይደለም። በ1930 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ 50 ላም የሚይዝ ተሠርቶ ነበር። ዛሬም ብዙ መቶ ላም ላለው እርሻ ግሩም ነው። ለ80 ላም ግን አይሁን። መድረኩ አንድ ቦታ ከተሰበረ ሁሉም ሥራ ይቆማል።

ታንደም የሚባልም አለ። እያንዳንዷ ላም የራሷ በር አላት፤ ቶሎ የጨረሰችው ቀርፋፋዋን ሳትጠብቅ ትወጣለች። ለላሟ ምቹ ነው። ለአንድ ላም ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ስለሚወስድ ግን 80 ላም ሲደርሱ አላቢው ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል።

እኔ ብሆን ሄሪንግቦን፣ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ላም የሚያቆም ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ዙር ማለት ላሞቹ ገብተው፣ ጡታቸው ተጠርጎ፣ ታልበው፣ ጡታቸው አዮዲን ውስጥ ተነክሮ እስኪወጡ ያለው ነው። ሳይቻኮሉ በሰዓት አራት ዙር ይኬዳል። አሁን በየወገኑ አራት አራት፣ በድምሩ 8 ክላስተር ብቻ ያስገጥሙ። 8 ሲባዛ በ4፣ በሰዓት 32 ላም ነው። 35ቱ ላሞች ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃሉ። ለ8 ክላስተር አንድ አላቢና ላም የሚያስገባ አንድ ረዳት ይበቃሉ። በየወገኑ መጨረሻ ያሉት ሁለት ሁለት ቦታዎች ባዶ ይቆዩ። 80 ሲደርሱ አራቱን ክላስተር ይጨምራሉ፤ በሰዓት 48 ይሆናል። 80ውን ላም በአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨረሱ ማለት ነው። ግድግዳ አላፈረሱም፣ አርማታ አልሰበሩም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ለ12 ክላስተር ይሁን፤ የወተት ቧንቧው ውፍረት። ቧንቧው ከቀጠነ ወተትና አየር ይጋፋሉ፣ ወተቱን የሚስበው ቫኪዩም ይዋዥቃል፣ ጡት ይጎዳል። ቧንቧው ከላሞቹ በታች ቢዘረጋ ይሻላል። ወተቱ ወደ ታች ስለሚወርድ 42 ወይም 44 ኪሎፓስካል ቫኪዩም ይበቃዎታል። ከላይ ከሆነ ወተቱን ለመሳብ ብቻ እስከ 48 እና 50 ይኬዳል፤ ያን ጉልበት የምትከፍለው ላሟ በጡቷ ነው። ገንዘብ ካጠረዎት በጉድጓዱ መሃል ስድስት ክላስተር ሰቅለው ግራና ቀኝ የሚያወዛውዙበት አሠራር አለ። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ቧንቧው ግን ከላይ ይሆናል፤ ይህን አውቀው ይግቡበት።

ስለ መጠበቂያው ግቢ ሻጭ አይነግርዎትም። ብረት ስለሌለው የሚሸጥበት የለም። እኔ ግን ከጉድጓዱ እኩል አየዋለሁ። ለአንድ ትልቅ ላም ከ1.5 ካሬ ሜትር አይነስ። ላም ቆማ ከአንድ ሰዓት በላይ ባትጠብቅ ጥሩ ነው። ስለዚህ 80ውን በሁለት ቡድን ይክፈሏቸው። 40 ሲባዛ በ1.5፣ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወለሉ ወደ ማለቢያው እያደገ ይሂድ፤ በየሜትሩ 3 ሳንቲሜትር ይበቃል። ላም ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ መቆም ትወዳለች። እንዲህ ሲሆን ፊታቸው ወደ በሩ ይሆናል፤ ሲታጠብም እበቱ ወደ ኋላ ይወርዳል። ከመጠበቂያው ወደ ማለቢያው ሲገቡ መታጠፊያም ደረጃም አይኑር።

አንድ ግቢ ትዝ ይለኛል። ሁሉ ነገር አዲስ ነው። ላሞቹ በሩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያሸታሉ፣ ይነፋሉ፣ ቀጥ ይላሉ። ሁለት ሰው በዱላ ከኋላ ይገፋል። ተንበርክኬ በላም ቁመት አየሁት። በሩ ሥር የፍሳሽ ፍርግርግ ተቀብሯል። ከውስጥ የሚመጣው መብራት በፍርግርጉ ላይ ሲያርፍ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ገደል ይመስላል። ላሟ ልክ ነበረች። ፍርግርጉን ወደ ጎን ለማዞር ወለሉን መስበር ግድ ሆነ። ሥዕሉ ላይ በእርሳስ ቢታረም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ሥዕልዎን ይዘው መሬቱ ላይ በኖራ ያስምሩት። ገመድ ዘርግተው በውስጡ ይራመዱ። ሁለት ወይም ሦስት ላሞች ይንዱበት። የት እንደሚጠባቸው፣ የት እንደሚዞሩ በዓይንዎ ያያሉ። የጉድጓዱን ስፋት እኔ ከ1.8 ሜትር አላሳንስም፤ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ መሥራት አለበት። የላሞቹ ወለል ሳይለሰልስ ገና እርጥብ እያለ ቦይ ቦይ ይውጣለት። ልስልስ ሊሾ ለዓይን ያምራል፣ ለላም ግን መቀመቅ ነው። አንዴ የተንሸራተተች ላም ያንን ቦታ አትረሳውም።

ጥያቄ፦ አዲሱ ማለቢያ ክፍላችን ከተከፈተ አምስት ሳምንት ሆነው። ላሞቻችን በአሮጌው በረት ሲታለቡ ዝም ያሉ ነበሩ። አሁን በግድ ነው የሚገቡት። ከገቡም በኋላ እግራቸውን እያነሱ ይጥላሉ፣ ይራገጣሉ፣ እበት ይጥሉብናል። ወተቱ ቀንሷል። የተከለልን ሰው «ይለምዱታል፣ ታገሡ» ይለናል። እስከ መቼ ነው የምንታገሠው?
አባትና ልጅ

መልስ፦ ከዚህ በላይ አትታገሡ። በእኔ ልምድ ላም አዲስ ቦታን በጥቂት ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ትለምዳለች። በአምስተኛው ሳምንት የሚራገጥ መንጋ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ወተቱ ለምን እንደቀነሰ ላስረዳ። ጡት ሲነካና ሲጠረግ ከላሟ አንጎል ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቀቃል። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ግቷ ላይ ደርሶ ወተቱን ከላይ ያወርደዋል። ኃይሉ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ያህል። ላም ስትደነግጥ ግን አድሬናሊን ይመጣና ይህን ይዘጋዋል። ወተቱ ግቷ ውስጥ አለ፣ እሷ ግን አትለቀውም። ማሽኑ ባዶ ጡት ይጎትታል። ያማታል። በማግስቱ ያንን ስታስታውስ ትራገጣለች። ነገሩ እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል።

አሁን የምትፈልጉት የሚያስደነግጣትን ነው። መጀመሪያ ይህን እዩ፤ የሚራገጡት አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲቆሙ ነው ወይስ ሁሉም ቦታ? አንድ ላም ናት ወይስ ሁሉም? ሁሉም ላሞች፣ ሁሉም ቦታ ላይ ከሆነ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ኤሌክትሪክ ነው።

ከዓመታት በፊት እንደ እናንተው ያለ ቦታ ተጠርቼ ሄድኩ። ምንም ሳልነካ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ተመለከትኩ። አንዲት ጥቁር ላም ገባች። እግሯ እርጥቡን ወለል ረግጧል። ትከሻዋ የአጥሩን ብረት ሲነካ ቆዳዋ ከትከሻዋ እስከ ጎኗ ዝንብ እንዳረፈባት ተንቀጠቀጠ። ዝንብ አልነበረም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ብረቱን ነካች፣ እንደገና ተንቀጠቀጠች። ከዚያ በኋላ ሰውነቷን ሰብስባ፣ ምንም ሳትነካ፣ በጠባቡ ቦታ መሃል ለመቆም ስትሞክር አየኋት። ከልቤ አዘንኩላት። ውጭ ወጥቼ የመጠጫ ገንዳውን አየሁ። ላሞቹ አፋቸውን ነክረው አይጠጡም፤ በምላሳቸው ጫፍ ይልሱታል።

የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሩን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ከብረቱ፣ ሌላውን ከእርጥቡ ወለል ጋር አገናኘሁ። በሁለቱ መካከል 500 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ፤ የላም አካል ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። 1.8 ቮልት አነበበ። ፓምፑን አስጠፋሁ፤ ያው ነው። መብራቱን አስጠፋሁ፤ ያው ነው። የውሃ ማሞቂያውን ስናጠፋ ቁጥሩ ወደ 0.2 ወረደ። የማሞቂያው ውስጠኛ ዘንግ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር። የመሬት ሽቦውም ጫፉ ሳይታሰር ተንጠልጥሏል። አላቢዎቹ ቦት ጫማና ጓንት ስለሚያደርጉ አንድም ቀን አልተሰማቸውም። ላም ግን በባዶ ሰኮናዋ እርጥብ ላይ ቆማለች። ከ1 ቮልት በታች የሚሰማቸውም አሉ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። በራሳችሁ ሽቦ አትንኩ፤ ላምን በ1.8 ቮልት የሚያስጨንቅ ብልሽት ሌላ ቀን ሰው ሊገድል ይችላል። እሱ ሲመጣ እኔ እንዳደረግሁት ይለካ፤ መሣሪያዎቹንም አንድ በአንድ እያጠፋ ይለካ። የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባ። የአጥሩ ብረት፣ የገንዳው ብረትና የአርማታው ውስጥ ፌሮ ሁሉም በአንድ ላይ ታስረው ከመሬት ሽቦው ጋር መገናኘት አለባቸው። ብረቱና ወለሉ እኩል ከሆኑ በላሟ ውስጥ የሚያልፍ ነገር አይኖርም። ገና የሚገነቡ አንባቢዎች ይህን ልብ በሉልኝ፤ ፌሮው ከአርማታ በፊት ሲታሰር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከአርማታ በኋላ ወለል መቁረጥ ነው።

ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ቫኪዩሙ እለፉ፤ ከታች ለሦስተኛው ጠያቂ የጻፍኩትን አንብቡ። እስከዚያው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ጩኸትም ዱላም አይግባ። ላሞቹን የሚነዱ ልጆች ካሉ ለእነሱም ንገሯቸው። አሁን የሚጨነቁት ላሞች ናቸው፤ ቅጣት አይጨመርባቸው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ፣ ሁለት ክላስተር ያለው የባልዲ ማሽን ገዛሁ። 20 ላም በቀን ሁለቴ አልብበታለሁ። ከታለቡ በኋላ የጡታቸው ጫፍ ጠጥሮ ይነጣል፤ ከላይ ደግሞ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይወጣበታል። የጡት በሽታም በዝቶብኛል። ኩባያዎቹ ውስጥ ያሉት ጎማዎች ከተቀየሩ ገና ዓመታቸው ነው። የቫኪዩም መለኪያው 58 ያሳያል። ማለቢያ ክፍል ብሠራ ይቀረፋል?
የ20 ላሞች ባለቤት

መልስ፦ አይቀረፍም። ይኸው ማሽን ወደ አዲሱ ክፍል ተከትሎዎት ይገባል። መጀመሪያ ማሽኑን ያድኑት።

58 ኪሎፓስካል ብዙ ነው። ለባልዲ ማሽን ከ44 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይቆዩ። ግን መለኪያው ራሱ ሊዋሽ ይችላል። አሮጌ መለኪያ ማሽኑ ጠፍቶ እንኳ ዜሮ ላይ አይመለስም፤ ያንን ይዩ። ባለሙያ በሌላ መለኪያ እንዲያመሳክርልዎ ያድርጉ። ቫኪዩሙን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር አብዛኛውን ጊዜ በአቧራ ይታፈናል። ማጽዳቱ ብቻ የፈታው ችግር ብዙ ነው።

ከዚያ ጎማዎቹ። «ገና ዓመታቸው ነው» ያሉት አሳስቦኛል። የጡት ጎማ የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በታለበ ላም ነው። ተራው ጎማ ወደ 2,500 ላም ካለበ በኋላ ይደክማል። እርስዎ በቀን 40 ጊዜ ያልባሉ፣ ለሁለት ክላስተር ሲካፈል 20። በዓመት 7,300 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለእርስዎ ጎማ የሚቀየረው በየ125 ቀኑ ነው፤ በአራት ወር ገደማ። ላም ጥቂት ቢሆንም እንኳ ከስድስት ወር አያሳልፉት። ያረጀ ጎማ ውስጡ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይቀመጣል። መለጠጡንም ያጣል። ጡቱን በደንብ አይጨብጠውም፣ በደንብም አይለቀውም።

አንድ ፍተሻ ዛሬ ማታ ያድርጉ። ማሽኑ እየሠራ አውራ ጣትዎን ጎማው ውስጥ ያስገቡ። የቀሩትን ሦስት ኩባያዎች አየር እንዳይስቡ አጥፈው ይያዙ። ጎማው ጣትዎን ሲጨምቅና ሲለቅ በግልጽ ሊሰማዎት ይገባል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል። ጣትዎን መጭመቁ ደካማ ከሆነ ወይም ምቱ ከተዛባ ፑልሴተሩ ታሟል። ያ ጭመቃ የጡቱ ዕረፍት ነው። ደሙ የሚመለሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ዕረፍት ያጣ ጡት ነው የሚነጣውና የሚጠጥረው።

የእጅዎንም ሥራ ይዩ። ወተቱ ካለቀ በኋላ ክላስተሩ ላይ መጫን፣ ጠብታ ፍለጋ መጎተት ይቅር። ቫኪዩሙን መጀመሪያ ይዝጉ፣ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ክላስተሩ ራሱ ወደ እጅዎ ይወርዳል። ቫኪዩም ሳይዘጋ ተመንጭቆ የሚወጣ ኩባያ ወተት ወደ ሌላኛው ጡት ውስጥ ይረጫል። የጡት በሽታ ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የታመሙትን ላሞች መጨረሻ ላይ ይለቡ።

እጥበቱ ላይ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ከታለበ በኋላ ወዲያው በለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁ። ፈላ ውሃ መጀመሪያ ከገባ የወተቱ ፕሮቲን ቧንቧው ላይ ይጋገራል። ከዚያ ነው ሳሙናው፣ በ70 ዲግሪ አካባቢ ውሃ። ወተቱም በሁለት ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ይድረስ።

ጥያቄ፦ እኔ አላቢ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1.58 ነው። የምንሠራበት ጉድጓድ ጥልቀቱ 1.05 ሜትር ነው። አብሮኝ የሚያልበው ልጅ 1.80 ስለሆነ አይከብደውም። እኔ ግን ማታ ማታ ትከሻዬ እንቅልፍ ይነሳኛል። አሠሪያችን «ጉድጓድ አይሞላም» ይሉኛል።
አላቢዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የጉድጓዱ ነው። የላም ጡት ጫፍ ከምትቆምበት ወለል በአማካይ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል እንበል። በ1.05 ጉድጓድ ላይ ሲደመር 1.55 ይሆናል። ያ ግንባርሽን አልፎ አናትሽ ጋ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ለእያንዳንዷ ላም፣ ክላስተር እስከ አናትሽ ድረስ እያነሳሽ ነው ማለት ነው። ጡቱ መሆን ያለበት በክርንሽና በትከሻሽ መካከል ነው።

ጉድጓድ መሙላት አያስፈልግም። ለአሠሪሽ ይህን አሳዪአቸው፤ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ከላይ ጎማ የለበሰ የብረት ፍርግርግ መድረክ ይሠራ። በቁርጥራጭ ይሁን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሰው የሚያነሳው። ውሃው በሥሩ ያልፋል። አንቺ በአንድ ወገን መድረኩ ላይ ትሠሪያለሽ፣ እሱ በሌላው ወገን ወለሉ ላይ። ጫፉ ላይ እንዳትደናቀፉ ቢጫ ቀለም ይቀባ። መድረኩ እስኪሠራ ደግሞ ከእሱ ጋር ሥራ ተከፋፈሉ፤ አንቺ እጠቢና ላሞቹን አስገቢ፣ እሱ ክላስተር ያንሳ። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ሐኪም ሳያይሽ አትክረሚ።

አዲስ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ደግሞ ሥዕሉን ከማጽደቃችሁ በፊት የሚያልቡትን ሰዎች ጠርታችሁ ቁመታቸውን ለኩ። ለረጅሙ ቆፍራችሁ ለአጭሩ መድረክ አድርጉ። ከ80 እስከ 95 ሳንቲሜትር ባለው ውስጥ አብዛኛው ሰው ይስማማዋል።

ጥያቄ፦ ሮቦት ይሻላል የሚሉኝ አሉ። 60 ላም አለኝ።
ከአጭር ደብዳቤ

መልስ፦ አንድ ሮቦት 60 ላም አካባቢ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ይገጥማል። ግን አንድ ብቻ ሲኖርዎት መጠባበቂያ የለዎትም። መብራት ሲጠፋም ሆነ ሲበላሽ ሌሊትም ቢሆን የሚደርስልዎ ባለሙያ በቅርብ አለ? የሌለ ከሆነ አይግቡበት።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የሚወልዱ ስድስት ጊደሮች አሉኝ። ማለቢያውን መቼ ላሳያቸው?
ስድስቱን ጊደሮች የምጠብቅ

መልስ፦ ከመውለዳቸው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድመው። ከተረጋጉ አሮጊት ላሞች ጋር ቀላቅለው ያስገቧቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብለው በዚያ በኩል ይለፉ፣ በር አይዘጋባቸው። ቀጥሎ ይቁሙ፣ ፓምፑ እየሠራ ድምፁን ይስሙ። ከዚያ በእጅዎ ጎናቸውን፣ ጭናቸውን፣ ግታቸውን ይዳብሱ። የጡታቸውን ጫፍ ግን አይለቡት፤ የጡቱን ቀዳዳ የዘጋው ውታፍ ይከፈታል። በወለደችበት ቀን ክላስተር ሲያስገቡ አንድ እጅዎ ወገቧ ላይ ይሁን።